ከሐይቁ የመጣው ሥር

መቀሌ፣ ጥቅምት 12 ቀን 1997 ዓ.ም.

ጅቡቲ ለምትኖረው ለእህቴ ለረምላ ይድረስ።

አሰላሙ ዓለይኪ። አላህ ዕድሜና ጤና ይስጥሽ፤ ያለሽበትን አገር ደግ ያድርግልሽ። እኔ ወንድምሽ ጀላሉ በሕይወት አለሁ። ደረጃ ስወጣ ጉልበቴን ያመኛል እንጂ ሌላ ሕመም የለኝም።

መኖርሽን የነገረኝ ጃፋር ነው። የአገራችን ልጅ ነው፤ ከወደቡ ወደ መቀሌ ዕቃ የሚያመላልስ የከባድ መኪና ሹፌር። «ጅቡቲ ገበያ ውስጥ ሳሙና የምትሸጥ አንዲት አሮጊት የእርስዎን ስም ጠራችልኝ» አለኝ። «አሮጊት አትበላት፣ በስድስት ዓመት ታንሰኛለች» አልኩት። ሃያ ዓመት ሙሉ መሞትሽንም መኖርሽንም አላውቅም ነበር። ይህ የኔም ያንቺም ጥፋት ነው። የማን እንደሚበልጥ አሁን አልጽፍም።

ስለ እኔ ማወቅ ያለብሽ ይህ ነው። ሚስቴ ከሞተች ስምንት ዓመት ሆናት። ልጅ አልወለድንም። በዓይናለም ሰፈር በኩል በገዛ እጄ የሠራሁት የድንጋይ ቤት አለኝ። ሁለት ክፍል ነው። በአንደኛው ክፍል ማንም የለም። ይህን የምጽፍልሽ እንድታውቂው ብቻ ነው።

ሌላው ጉዳይ፦ ጓሮዬ ውስጥ የውሃ ገንዳ እየቆፈርኩ ነው። ሦስት ሜትር በሁለት ሜትር፣ ጥልቀቱ እስከ ወገቤ። ዓሣ አደርግበታለሁ፤ ዓሣው ትንኙን ይበላል። በላዩ ደግሞ በሐይቃችን ዳር ይበቅል የነበረውን ሰማያዊ የውሃ አበባ መትከል እፈልጋለሁ። ልጆች ሳለን እስከ አንገትሽ ገብተሽ ታወጪው የነበርሽ አንቺ ነሽ። እኔ ዋና አልችልም ነበር፤ አሁንም አልችልም። ሥሩ በምን ዓይነት አፈር እንደሚይዝ፣ ምን ያህል ውሃ እንደሚፈልግ ጻፊልኝ። ጃፋር በአገራችን በኩል ሲያልፍ ያመጣልኛል።

መልሱን በራስሽ እጅ ጻፊው። ፊደል ያስቆጠርኩሽ እኔ ነኝ፤ ለሌላ ሰው ብታጽፊ አውቀዋለሁ።

ወንድምሽ ጀላሉ


ጅቡቲ፣ ታኅሣሥ 3 ቀን 1997 ዓ.ም.

ለወንድሜ ለአያ ጀላሉ።

የናፍቆት ሰላምታዬ ባለህበት ይድረስህ፤ በረካ ከደጅህ አይራቅ። እኔም አልሐምዱሊላህ አለሁ። ሙቀቱ ከብዶኛል፣ ግን ሃያ ዓመት የቻልኩትን አንድ ዓመት አያቅተኝም።

ደብዳቤህን ሦስት ቀን ሳልከፍተው ትራሴ ሥር አስቀመጥኩት። በሕይወቴ ካንተ የደረሰኝ ደብዳቤ ይህ ሁለተኛው ነው። የመጀመሪያውን ታስታውሰው ይሆናል።

ባለቤትህ ማረፏን ሰምቼ አዘንኩ። የኔም ሰው ከሞተ አምስት ዓመት ሆነው። ልጄ ኢህሳን አግብታ ከባሏ ጋር ወደ የመን ተሻግራለች። እኔ ጋ አሁን የሚያወራው ሬዲዮ ብቻ ነው።

ስለ ጠየቅከኝ ነገር፦ ሥሩ የሚወደው ጥቁር ጭቃ ነው። ፍግ አትጨምርበት፤ ውሃው ይበላሻል። ሰፊ ሸክላ በጭቃ ሙላና ሥሩን ጋደም አድርገህ ትከለው፤ ጫፉ ግን አይቀበር። በላዩ ጠጠር አልብሰው፤ አለዚያ ዓሣዎቹ ይጎረጉሩታል። መጀመሪያ ከውሃው በታች አንድ ስንዝር አስቀምጠው፤ ቅጠሉ እየረዘመ ሲሄድ ሸክላውን ዝቅ ዝቅ አድርገው። ፀሐይ ይፈልጋል። ውሃ ከላይ እንዳይወርድበት፤ የረጋ ውሃ ነው የሚስማማው።

ስለዚያ ሥር ከዚህ የበለጠ አትጠይቀኝ።

ጃፋርን ስንት እንዲያወጣ አዘዝከው? ደግሞስ አንተ አበባ ምን ያደርግልሃል? በልጅነትህ እናታችን ከደጅ የተከለችውን ጤና አዳም እንኳ መተላለፊያ ዘጋ ብለህ የነቀልክ ሰው ነህ።

በርበሬ ካለህ ጥቂት ላክልኝ። የዚህ አገሩ ቀለም ብቻ ነው።

እህትህ ረምላ


መቀሌ፣ የካቲት 20 ቀን 1997 ዓ.ም.

ለእህቴ ለረምላ።

ሰላም ላንቺ ይሁን፤ አላህ ብቻሽን አይተውሽ። በርበሬውን በጃፋር ልኬያለሁ። ያስፈጨሁት ራሴ ቆሜ ነው።

ጃፋር ሦስት ሥር አመጣ። ሦስት ይበቃል። እንዳልሽው አድርጌ ተክያቸዋለሁ፤ ስንዝሩንም የለካሁት በሜትር ነው።

ገንዳው አልቋል። ድንጋዩን ጠርቤ፣ በሲሚንቶ ይዤ፣ ውስጡንም ለስኜዋለሁ። ከከተማው ውጭ ካለ አንድ ግድብ ዐሥራ አንድ ዓሣ በባልዲ አመጣሁ። በማግስቱ ጠዋት ዐሥራ አንዱም ሆዳቸውን ወደ ላይ አድርገው ተንሳፍፈው አገኘኋቸው።

ኣርሴማ የምትባል ጎረቤት አለችኝ፤ ባሏ የሞተባት፣ የዚሁ አገር ሴት ናት። በአጥሩ ላይ አንገቷን አውጥታ አየች።

«ኣቦይ ጀላሉ፣ ምን አደረጓቸው?» አለችኝ፤ አባባ ማለቷ ነው።

«ምንም አላደረግኳቸውም።»

«ታዲያ ራሳቸውን ነው የገደሉት?»

«የግድብ ዓሣ ደካማ ነው» አልኳት።

«ሰው ቧንቧ እየጠበቀ ይደርቃል፤ እርስዎ ዓሣ ያሰጥማሉ» ብላኝ ገባች። እውነት ነው፣ ቧንቧው የሚመጣው በሳምንት ሁለት ቀን ነው። እኔ ግን ገንዳውን የሞላሁት ከጣሪያዬ ባጠራቀምኩት የዝናብ ውሃ ነው፤ ከማንም አልወሰድኩም። ይህን ነገርኳት፤ አልሰማችኝም።

ሲሚንቶዬ ምንም ጉድለት የለበትም። አርባ ዓመት ግንብ ሠርቻለሁ። በሮማናት አደባባይ ዙሪያ እጄ ያረፈባቸው ቤቶች እስከ ዛሬ አልተሰነጠቁም።

ያንን ክፍል ኖራ ቀባሁት። አልጋም አስገብቻለሁ። አልጋው ሰፊ አይደለም፤ ለአንድ ሰው ይበቃል።

ጀላሉ


ጅቡቲ፣ መጋቢት 28 ቀን 1997 ዓ.ም.

ለወንድሜ ለአያ ጀላሉ።

እጅህ አይጉደል፤ በርበሬው ደርሶኛል። በከፈትኩት ጊዜ ሦስት ጎረቤት አስነጠሰ።

ዓሣህን የገደለው ሲሚንቶህ ነው። እዚህ የውሃ ታንከር የሚገነባ አንድ የመናዊ ጎረቤት አለኝ፤ ስነግረው ሳቀብኝ። አዲስ ሲሚንቶ ውሃውን እንደ ኖራ ያደርገዋል፣ ዓሣም ቅጠልም አያቆምም አለ። ሞልተህ ሳምንት አቆይና ድፋው። ሦስት ጊዜ እንዲሁ አድርግ፤ ከዚያ በኋላ ዓሣ ጨምር። እስከዚያው ሸክላዎቹን በበርሜል ውሃ ውስጥ አቆያቸው። እንደማትሰማኝ አውቃለሁ፤ ብቻ ጻፍኩልህ።

ሦስት ሥር ብቻ ማምጣቱ ደስ አለኝ። ብዙ ቢሆን ኖሮ ደስ አይለኝም ነበር።

ስለ አልጋው የጻፍከውን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። አያ ጀላሉ፣ እኔ አርጅቻለሁ፤ ፍንጭ ለቅሜ የሰው ሐሳብ የምፈታበት ጉልበት የለኝም። እዚህ የሚያስቀረኝ ነገር የለም። እንድመጣ ከፈለግህ «ነይ» ብለህ ጻፍ። በሰባ ሰባት የጻፍክልኝ ቃል ግልጽ ነበር። ይሄኛውም ግልጽ ይሁን።

ረምላ


መቀሌ፣ መስከረም 14 ቀን 1998 ዓ.ም.

ለእህቴ ለረምላ።

አዲሱ ዓመት የጤናና የሰላም ይሁንልሽ። ከመጋቢት እስከ ዛሬ አልጻፍኩልሽም። የጠበቅኩት አበባው እስኪከፈት ነው። ባዶ ገንዳ ይዤ ልጽፍልሽ አልፈለግኩም።

ገንዳውን ሦስት ጊዜ ሞልቼ ደፋሁት። ይህን ያደረግኩት ለማጠብ ብዬ ነው። የደፋሁትን ውሃ ለኣርሴማ ሰጠኋት፤ አጥሯን ለመምረግ ጭቃ አቦካችበት። ከዚያ በኋላ ሰባት ዓሣ አስገባሁ፤ ሰባቱም አሉ። ጠዋት ጠዋት ፍርፋሪ ስጥል ይመጣሉ። ከእነሱ ጋር አላወራም፤ ኣርሴማ ግን «ሲያወሩ ሰምቼዎታለሁ» ትለኛለች።

አበባው የተከፈተው መስከረም ሁለት ቀን ነው። ፀሐይ ከግንቡ በላይ ስትወጣ ይከፈታል፣ ከቀትር በኋላ ይዘጋል። ቀለሙ ያው ነው፣ መሐሉ ቢጫ። ኣርሴማ እኅቷን ጠርታ አሳየቻት። ከሓወልቲ ሰፈር ፎቶ አንሺ አስመጥቼ አስነሣሁት፤ ከዚህ ጋር ልኬልሻለሁ። በፎቶው ዳር የሚታየው ጫማ የኔ ነው፤ ፎቶ አንሺው ወደ ኋላ በል ቢለኝ አልሰማሁትም።

አበባ ምን ያደርግልሃል ብለሽኝ ነበር። ለኔ ምንም አያደርግልኝም። የተከልኩት ላንቺ ነው። ልጅ ሳለሽ እናታችን በጸጉርሽ ላይ ስትሰካልሽ ቀኑን ሙሉ አንገትሽን ሳታዞሪ ትውይ ነበር፤ እንዳይወድቅብሽ። ከዚያ ሌላ የምትወጂው ነገር ምን እንደሆነ አላውቅም።

ነይ። ይኸው ጻፍኩት።

ጀላሉ


መቀሌ፣ ኅዳር 29 ቀን 1998 ዓ.ም.

ለእህቴ ለረምላ።

ጤና ይስጥሽ። ጃፋር ሁለት ጊዜ ተመላልሷል፤ ደብዳቤ አላመጣም። «ፎቶውንም ደብዳቤውንም በእጇ ሰጥቻታለሁ» ይላል። «ምን አለች?» አልኩት። «ፎቶውን አይታ ሱቋን ዘጋች» አለኝ። ከዚህ በላይ አያውቅም።

ታመሽ ከሆነ ጻፊ። ተቀይመሽ ከሆነም ጻፊ። ብርዱ ስለገባ አበባው ቆሟል፤ ቅጠሉ ግን አለ። ክፍልሽን ጠዋት እከፍተዋለሁ፣ ማታ እዘጋዋለሁ።

ጀላሉ


ጅቡቲ፣ ጥር 6 ቀን 1998 ዓ.ም.

ለወንድሜ ለአያ ጀላሉ።

ሰላም ለቤትህ ይሁን። መልሱን ስላዘገየሁብህ ይቅር በለኝ።

አልታመምኩም። ፎቶውን ገልብጬ ሣጥን ውስጥ አስቀመጥኩት። የማታውቀውን ነገር ልንገርህ፤ የማታውቀው ስላልጠየቅከኝ ነው።

በሰባ ሰባት ኅዳር ላይ ሰው ልኬብህ ነበር፤ እናታችንን ይዤ ወደ መቀሌ ልምጣ ወይ ብዬ። የላክልኝ መልስ አንድ መስመር ነበር። «ወደዚህ አትምጡ፤ ባላችሁበት ቆዩ።» ባለንበት ቆየን። እህሉ አልቋል፣ ከብቱ አልቋል። ዓሣውን መረብ ያለው ሰው ይዞታል፤ እኛ መረብ አልነበረንም። እኔ ወደ ሐይቁ ገባሁ፣ እንደ ልጅነቴ እስከ አንገቴ። አበባውን እየቆረጥኩ ጣልኩ፤ ሥሩን አወጣሁ። የበላነው እሱን ነው። መጀመሪያ በቀን አንድ ቅርጫት አወጣ ነበር፤ በኋላ ግማሽ ቅርጫት፤ በኋላ እፍኝ። ሌላውም ሰው እንደኔ ገብቶ አወጣ። ጥር ሲጋመስ በዳርቻው አንድ ቅጠል አልቀረም። እናታችን መሞቷን እንጂ እንዴት እንደሞተች አልሰማህም፤ የሞተችው ሥሩ ባለቀ በዘጠነኛው ቀን ነው። ከቀበርናት በኋላ ነው እኔና ኢህሳን በባቲ በኩል ወደ ጅቡቲ የወረድነው።

አንተ የምታስታውሰው ጸጉሬ ላይ የተሰካውን ነው። እኔ እሱን አላስታውሰውም። ያንን ሰማያዊ ነገር ሳይ አፌን ጭቃ ጭቃ ይለኛል።

ነይ ብለህ ስለጻፍክልኝ አላህ ይስጥልኝ። ሃያ ዓመት የጠበቅኩት ቃል ነው። ግን ጠዋት ተነሥቼ እሱን እያየሁ መኖር አልችልም። አልመጣም።

ረምላ


መቀሌ፣ የካቲት 15 ቀን 1998 ዓ.ም.

ለእህቴ ለረምላ።

አላህ ልብሽን ያሳርፍልሽ። ደብዳቤሽን ቆሜ ነው ያነበብኩት።

የጻፍኩትን አልክድም። «አትምጡ» ብያለሁ። ምክንያቱን ያን ጊዜ አልጻፍኩም፤ ለሚያንሰኝ ሰው ምክንያት መጻፍ ልማዴ አልነበረም። አሁን እጽፈዋለሁ። በዚያ ኅዳር መቀሌ ውስጥ ግንብ የሚያስገነባ ሰው አልነበረም። የኔ ሥራ ከከተማው ዳር መቃብር መቆፈር ነበር። እህል ይታደላል ተብሎ ከየቦታው የመጣው ሰው ሜዳው ላይ ተኝቷል፤ በሽታው ከረሃቡ ይብስ ነበር። ከእኛ አገር የመጡም ነበሩበት፤ በስም የማውቃቸውን ቀብሬያለሁ። ያንቺ መልእክተኛ ሲደርስ ጉድጓድ ውስጥ ነበርኩ። ወጥቼ በጉልበቴ ላይ ጻፍኩት። እናቴን ወደዚያ ሜዳ መጥራት አልፈለግኩም። እነሱ ሐይቅ አላቸው፣ በሐይቅ ዳር ሰው አይራብም ብዬ ነበር። ተሳስቻለሁ። ይህን ቃል ስለ ሲሚንቶው እንኳ አልጻፍኩልሽም።

ደብዳቤሽ በደረሰኝ ማግስት ሱሪዬን ሰብስቤ ገንዳው ውስጥ ገባሁ። ከሦስቱ ሥር አንዱን አወጣሁ። አጥቤ ቀቀልኩት፤ ከዚያ ገንዳው ጠርዝ ላይ ተቀምጬ በላሁት። ኣርሴማ የተዋሰችኝን ባልዲ ልትመልስ ስትገባ አገኘችኝ።

«ምን እየበሉ ነው?»

«አበባውን።»

«ኣቦይ ጀላሉ፣ ሰው ቢያይዎት አእምሯቸው ሄደ ይላል።»

«ይበል።»

ድስቱን አየች፣ እኔን አየች። ባልዲውን ደፍታ በላዩ ተቀመጠች። እስክጨርስ አልተነሣችም።

በጣም ይመራል። አላስተረፍኩም።

ሁለት ሥር ቀርተዋል። ልነቅላቸው ሁለት ጊዜ ሄጄ ተመለስኩ። ሰባ ዓመት ሙሉ ሰውን ይህን ጠይቄ አላውቅም፦ ምን ላድርግ? ንቀለው ካልሽኝ እነቅለዋለሁ፤ ገንዳውንም በአፈር እሞላዋለሁ። እስክትጽፊልኝ አልነካውም።

ጀላሉ


ጅቡቲ፣ ሚያዝያ 11 ቀን 1998 ዓ.ም.

አያ።

እንደምን አለህልኝ። ሆድህን አመመህ ወይ?

ሁለት ጊዜ ነው የሚቀቀለው። የመጀመሪያውን ውሃ ደፍተህ በአዲስ ውሃ እንደገና ትቀቅለዋለህ፤ ያን ጊዜ እንደ ድንች ይሆናል። የመረረህ አንድ ጊዜ ብቻ ቀቅለኸው ነው። እናታችን ሁለተኛ የተቀቀለውን ለኔና ለኢህሳን ትሰጠን ነበር። የመጀመሪያውን ውሃ ግን አትደፋውም ነበር። እሷ ትጠጣዋለች። ሆዴን ያሞቀኛል ትል ነበር። ያ አንተ የቀመስከው ምሬት የእሷ ድርሻ ነው።

ይህን ለኢህሳን እንኳ ነግሬያት አላውቅም። እናታችንን የሚያውቅ፣ የምነግረው ሰው አልነበረኝም።

መቃብር ስትቆፍር እንደነበርክ ያን ጊዜ ብትጽፍልኝ ሃያ ዓመት ባልተቀየምኩህ። እናታችን ያው መሞቷ አይቀርም ነበር ይሆናል፤ አላውቅም። አንተም አታውቅም። ይህን ሁለታችንም ይዘነው እንኖራለን።

አትንቀለው። ዓሣዎቹ ጥላ ይፈልጋሉ።

ፎቶውን ከሣጥን አውጥቼ ቀና አድርጌ አየሁት። ከገንዳው ኋላ አንድ በር ይታያል። የኔ ክፍል እሱ ከሆነ ስወጣም ስገባም ዓይኔ የሚያርፈው አበባው ላይ ነው። እሱን አልችልም። በሩ በመንገዱ በኩል ቢሆን ግን እመጣለሁ። ወደ ጓሮው መሄድ ባሰኘኝ ቀን ዞሬ እሄዳለሁ፤ ባላሰኘኝ ቀን አላየውም። ከዚህ የበለጠ ቃል ልገባልህ አልችልም።

ግንብህን እንደማታፈርስ አውቃለሁ። ያን የጤና አዳም ነገር አልረሳሁም። እንቢ ብትል አልቀየምህም፤ ደብዳቤ መጻፌን አላቆምም።

እህትህ ረምላ


መቀሌ፣ ግንቦት 19 ቀን 1998 ዓ.ም.

ለእህቴ ለረምላ።

የአላህ ጥበቃ በመንገድሽ ሁሉ ይሁን። ሆዴን አላመመኝም።

ያንን ግድግዳ የሠራሁት በስልሳ ስድስት ነው። ይፈርሳል ብዬ አልሠራሁትም፤ ስለዚህ አንድ በር ለማውጣት አምስት ቀን ፈጀብኝ። ድንጋዩን እየተቀበለች ወደ ጎን የደረደረችልኝ ኣርሴማ ናት። «እኅትዎ አትክልት ፈርታ ነው ቤት የምታስፈርስዎት?» አለችኝ። ምክንያቱን ነገርኳት። ከዚያ በኋላ እስከ ማታ አልቀለደችም።

በፎቶው ያየሽው በር አሁን የለም። በድንጋይ ደፍኜዋለሁ፤ የቱ ጋ እንደነበረ ከኔ በቀር የሚያውቅ የለም። አዲሱ በር በመንገዱ በኩል ነው። ጃፋር ከሰኔ አጋማሽ በፊት ወደቡ ይደርሳል። ጋቢናው ውስጥ ከእሱ ጋር ትቀመጫለሽ፤ ሌላ ሰው እንዳይጭን ነግሬዋለሁ።

አናጢው ሳንቃውን ገና አልጨረሰውም። እስከዚያው ብርድ ልብስ ሰቅዬበታለሁ። ቀድመሽ ከደረስሽ ገልጠሽ ግቢ፤ የሚንኳኳ ነገር የለውም።

ጀላሉ